ማጣሪያውም እንደ እርሾ ይጠበቃል

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከዛሬ አጀንዳዎቻችን አንዱ የውሃ ጉዳይ ነው። ከማኅበሩ ገንዘብና ከለጋሾቻችን ድጋፍ የተወሰነውን ለቤት ውስጥ የአሸዋ ማጣሪያ እናውለው ወይስ አናውለው የሚለውን እንወስናለን። ቧንቧ የደረሰላቸው አባላት አሉን። ከአምባሰል በኩል ከምንጭና ከወንዝ የሚቀዱ፣ ከሐይቁ ዳር በጀሪካን የሚያመላልሱም አሉን። እኛ የሒሳብ ክፍል ሰዎች የታዘዝነው ዋጋ አጣርተን እንድናቀርብ ብቻ ነበር። ነገሩን ስንመረምረው ግን ዋጋው ብቻውን ለውሳኔ እንደማይበቃ አየን። ወንበር ከገዙ በኋላ ወንበር ነው፤ ይቀመጡበታል። ይህ ማጣሪያ ግን በውስጡ ነፍስ ያለው ነገር ይኖርበታል። ነፍስ ያለው ነገር ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ፣ ቀጥሎ ምን እንደማይችል፣ በመጨረሻም ሒሳቡን እናቀርባለን።

ነገሩ ከጓዳችን የራቀ አይደለም። ሁላችንም ቡሃቃ አለን። ሊጥ ጋግረን ስንጨርስ ቡሃቃውን ሙልጭ አድርገን አናጥበውም፤ ጥቂት እርሾ እናስቀራለን። ያ የቀረው ለነገው ሊጥ ሥራውን ይጀምርለታል። እርሾው ውስጥ ያሉት ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። ዱቄቱ ይመጣል፣ ይቦካል፣ እንጀራ ሆኖ ይሄዳል፤ ሠራተኞቹ ግን ከቡሃቃው አይወጡም። በሳሙናና በፈላ ውሃ ብናጥበው ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። እንደገና ከጎረቤት እርሾ መለመን ነው።

ውሃን በሕያዋን የማጣራት ጥበብም ይኸው ነው። ባክቴሪያና አልጌ፣ በእኛ አነጋገር ዋቅላሚ፣ በአሸዋ፣ በጠጠር ወይም በሌላ ጠጣር ነገር ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ። ውሃው በላያቸው ያልፋል፤ እነሱ በቦታቸው ይቀራሉ። ቆሻሻው ምግባቸው ነው። ዝም ብለን በውሃ ውስጥ ብንበትናቸው ከውሃው ጋር አብረው ይሄዱ ነበር። አንድ ቦታ ተጣብቀው ሲኖሩ ግን በቁጥር ይበዛሉ፣ ከሚመጣው ቆሻሻ ጋር ይላመዳሉ፣ ሥራቸውም ከቀን ወደ ቀን ይሻሻላል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1804 በስኮትላንድ ፔዝሊ በምትባል ከተማ ጆን ጊብ የተባለ የጨርቅ ማንጫ ባለቤት ለሥራው የሚፈልገውን ውሃ በአሸዋ እያጣራ የተረፈውን ለከተማው ሰው ይሸጥ ነበር። በ1829 ለንደን ላይ ከቴምዝ ወንዝ የሚቀዳ ውሃ በትልቅ የአሸዋ ገንዳ መጣራት ጀመረ። ያኔ አሸዋው እንደ ወንፊት ቆሻሻ የሚይዝ ብቻ ይመስላቸው ነበር። ምስጢሩ የታወቀው ቆይቶ ነው። በ1892 በጀርመን አገር ኮሌራ ገባ። ሃምቡርግና አልቶና ጎን ለጎን የሚገኙ፣ ከአንድ ወንዝ የሚጠጡ ከተሞች ነበሩ። ሃምቡርግ ውሃውን ሳያጣራ ለሕዝቡ ያከፋፍል ነበር፤ ከ8,000 በላይ ሰው ሞተበት። አልቶና የምትቀዳው ከሃምቡርግ በታች፣ ከባሰ ቆሻሻ ቦታ ነበር። ነገር ግን ውሃዋን በአሸዋ ቀስ አድርጋ ታጣራ ነበርና ጉዳቷ ከሃምቡርግ ጋር የሚወዳደር አልሆነም። ሁለቱን ከተሞች በሚለየው መንገድ ግራና ቀኝ እንኳ በሽታው ወገን ለይቶ ታየ። በአሸዋው ላይ ያለው ስስና አተላ የሚመስል ንብርብር፣ ሌላው ሰው ቆሻሻ ነው ብሎ የሚጠርገው፣ ዋናው ሠራተኛ እሱ ነበር።

ይህን ትልቅ ገንዳ አሳንሶ ወደ ቤት ያስገባው ዴቪድ ማንዝ የሚባል በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ባዮሳንድ ይባላል። በአገራችንም የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍል ለገጠር ቤተሰቦች ሲያሠራጨው ቆይቷል። ከዚህ በጣም የሚበልጠውን ማየት የሚፈልግ ደግሞ አዲስ አበባ ቃሊቲ ይሂድ። የከተማዋ ፍሳሽ እዚያ ለረጅም ዓመታት በሰፋፊ ኩሬዎች ይጠራ ነበር። በኩሬ ውስጥ አልጌው በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ይሠራል፤ ባክቴሪያው በዚያ ኦክስጅን ተንፍሶ ቆሻሻውን ይበላል፤ ከባክቴሪያው የሚወጣው ደግሞ ተመልሶ ለአልጌው ምግብ ይሆናል። ወንፈል እንደማለት ነው፤ ዛሬ አንቺ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንቺ። በኋላ የተሠራው የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያስተናግድ የታቀደ ሲሆን፣ ከሥራው አንዱ ክፍል ባክቴሪያዎቹ በተደረደረ ጠጣር ነገር ላይ ተጣብቀው ፍሳሹ ከላያቸው እየተንጠባጠበ የሚጠራበት ነው። የከተማው ጥበብና የጓዳችን ጥበብ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በመጠን ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ማጣሪያ እንምጣ። ቁመቱ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ የሲሚንቶ ወይም የፕላስቲክ ሣጥን ነው። ከታች ጠጠር፣ ከዚያ ደቃቅ ጠጠር፣ ከላይ ታጥቦ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ይሞላል። የመውጫው ቱቦ ወደ ላይ ተጠምዞ ከአሸዋው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ውሃ ማፍሰሳችንን ብናቆምም ከአሸዋው በላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ሁልጊዜ ይቀራል። ሕያዋኑ የሚኖሩት ከዚህ ውሃ በታች፣ በአሸዋው የላይኛው ገጽ ነው። ውሃው ከደረቀ ይሞታሉ። ውሃው በጣም ከበዛ ደግሞ አየር አይደርሳቸውም። አምስት ሴንቲ ሜትር የተባለው ለዚህ ነው።

አሠራሩን በቁጥር እናስቀምጠው። አንድ ጊዜ የሚጨመረው 12 ሊትር ያህል ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ0.4 ሊትር እንዳይበልጥ ይመከራል። ስለዚህ 12 ሊትር ወርዶ ለማለቅ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ከዚያ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ዕረፍት ይሰጠዋል፤ ሕያዋኑ የያዙትን የሚበሉት በዚህ ጊዜ ነው። ዕረፍቱ ከሁለት ቀን ከበለጠ ግን ይራባሉ። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለመጠጥና ለወጥ በቀን 20 ሊትር ቢያስፈልገው፣ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ መጨመር ይበቃዋል። ይህ ብዙ ድካም አይደለም። ግን የየቀን ሥራ ነው፤ የማን ሥራ እንደሚሆን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

አዲስ የተተከለ ማጣሪያ ወዲያው አይሠራም። ሕያዋኑ እስኪራቡና እስኪበዙ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። እስከዚያ ውሃውን ማፍላት ወይም ውሃ አጋር መጨመር ግድ ነው። ውሃ አጋሩ የሚጨመረው ከተጣራ በኋላ በማጠራቀሚያው ጀሪካን ውስጥ ነው እንጂ በማጣሪያው ላይ አይደለም። ከላይ ከጨመርነው ጀርሙን ስንገድል ሠራተኞቻችንንም አብረን እንገድላለን። ከበሰለ በኋላም ቢሆን ማጣሪያው አብዛኛውን ጀርም ይቀንሳል እንጂ ሁሉንም አያስወግድም። ስለዚህ ለሕፃናትና ለሕመምተኞች የሚሰጠውን ውሃ አክሞ መስጠት አይቀርም። የጠራውን ውሃ ሽክና እየነከርን ከቀዳንበትም ልፋታችን ከንቱ ነው፤ አፉ ጠባብ፣ ክዳን ያለው ጀሪካን ያስፈልጋል።

በጣም የደፈረሰ የክረምት ጎርፍ ውሃም በቀጥታ አይጨመርም። በባልዲ አድሮ ከዘቀጠ በኋላ ከላይ የጠራው ይወሰዳል። ፍሰቱ እየቀነሰ ሲመጣ አሸዋው ተገልብጦ አይታጠብም። ከላይ ያለውን ውሃ በእጅ ቀስ አድርጎ አማስሎ የደፈረሰውን መጭለፍ ነው፤ ሌላው አይነካም። ማጣሪያው ከተተከለበት አይነሳም፣ አይገፋም። እነዚህ ጥቂት ሕጎች ካልተጠበቁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማጣሪያው የዶሮ መስፈሪያ ይሆናል።

በተጣበቁ ሕያዋን ውሃ ማጣራት በአሸዋ ብቻ አያበቃም። ተመራማሪዎች አልጌን ወይም ባክቴሪያን በትናንሽ ፍሬዎች ውስጥ ያስሯቸዋል። አልጂኔት የሚባል ከባሕር አረም የሚወጣ ዝልግልግ ነገር አለ። ከሕያዋኑ ጋር ተደባልቆ ካልሲየም ባለበት ውሃ ውስጥ ጠብ ጠብ ሲደረግ እያንዳንዱ ጠብታ እንደ ሽንብራ ክብ ሆኖ ይረጋል። ሕያዋኑ በውስጡ ታስረው ይቀራሉ፤ ውሃው ግን ይገባል፣ ይወጣል። በዚህ መንገድ ማዳበሪያ ያመጣውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የሚበሉ፣ ከባድ ብረቶችን የሚይዙ ፍሬዎች በቤተ ሙከራ ይሠራሉ። ነገ አንድ ሰው «ይህን ፍሬ ጀሪካናችሁ ውስጥ ጨምሩ፣ መርዙ ሁሉ ይጠፋል» ብሎ ሊሸጥልን ቢመጣ ምን ብለን መጠየቅ እንዳለብን እንድናውቅ ነው ይህን የምናነሳው።

የምንጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ «የትኛው መርዝ?» መርዝ ሁሉ አንድ አይደለምና። በሒሳብ መዝገብ ቋንቋ ብናስረዳ ይቀለናል። አንዳንዱ መርዝ ሕያዋኑ ሲበሉት ይፈርሳል፤ ወደ ሌላ፣ ወደማይጎዳ ነገር ይለወጣል። ይህ ተከፍሎ እንደተዘጋ ዕዳ ነው። ብረት ግን አይፈርስም። ክሮሚየም ክሮሚየም ነው፤ እርሳስም እርሳስ ነው። አልጌው በገላው ላይ ይዞት ከውሃው ያወጣዋል፤ ቢሆንም መርዙ አልጠፋም፣ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ። ፍሬው ሲሞላ የት ነው የሚጣለው? ጓሮ ከተጣለ ወደ ጎመናችን፣ ወደ ዶሮአችን ይመለሳል። ስለዚህ ብረት የሚይዝ ማጣሪያ የሚሸጥልን ሰው የሞላውን መልሶ የሚወስድበትን መንገድ ካልነገረን ሒሳቡ ገና አልተዘጋም ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። የኢንዱስትሪ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2017 ተመርቋል። ከተማዋን አቋርጠው ወደ ቦርከና የሚገቡ ትናንሽ ወንዞችን የመረመሩ ባለሙያዎች ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ያ ውሃ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው፤ ወደ እኛ ሐይቅ አይመጣም። ግን በቦርከና ዳር አትክልት የሚያለሙ ዘመዶች አሉን፤ ከዚያ የሚመጣውን ሽንኩርትና ቲማቲም እኛም እንገዛለን። እንዲህ ያለውን ፍሳሽ ማጥራት በየቤቱ ባለ የአሸዋ ሣጥን የሚሆን አይደለም፤ ከፋብሪካው ደጅ ሳይወጣ መሠራት ያለበት ነው። በሞጆ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽን መጀመሪያ በባክቴሪያ ገንዳዎች፣ ከዚያ ጠጠርና ሸምበቆ መሰል ተክል ባለበት ሰው ሠራሽ ረግረግ ውስጥ እያሳለፉ ማጥራት እንደሚቻል ሠርተው አሳይተዋል። በተክሉ ሥርና በጠጠሩ ላይ የሚሠሩት አሁንም እነዚያው ተጣብቀው የሚኖሩ ሕያዋን ናቸው።

አሁን ስለራሳችን ሐይቅ እንናገር። ሐይቃችን ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ ውሃ የሚገባበት እንጂ በወንዝ የሚወጣበት የሌለው ነው። ከአርድቦ በኩል በአንካርካ ወንዝ ይገባል፤ ከዙሪያው ኮረብታ በጎርፍ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለውም። አፈሩም፣ ማዳበሪያውም፣ የከተማው እጣቢም ከገባ አብዛኛው እዚያው ይጠራቀማል። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ የቆሮሶ ዓሣ ተጨመረበት። ዓሣው ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ሐይቁን ያጠኑ ሰዎች እንደጻፉት፣ ቀድሞ በጣም የጠራ የነበረው ውሃ ከዚያ ወዲህ አረንጓዴ እየሆነ መጥቷል። ካነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ዓሣው አልጌ የሚግጡትን ጥቃቅን የውሃ እንስሳት መብላቱ ነው። ጋጩ ሲጠፋ ሣሩ ያድጋል።

አልጌ በማጣሪያ ውስጥ ወዳጅ ነው ስንል ቆይተን አሁን ልንከስሰው ነው? ሁሉም አልጌ አንድ አይደለም። ሰማያዊ አረንጓዴ የሚባለው ወገን፣ በትክክል ሲነገር ባክቴሪያ ነው፣ ሙቀትና ማዳበሪያ ሲያገኝ በውሃው ላይ እንደ አረንጓዴ ቀለም ይንሳፈፋል። ከነዚህ አንዳንዶቹ ጉበት የሚጎዳ ማይክሮሲስቲን የሚባል መርዝ ይሠራሉ። በአገራችን በቆቃ ሐይቅ ይህ መርዝ በብዛት ተገኝቷል። በአውስትራሊያ ከእንዲህ ያለ ውሃ የጠጡ ከብቶች እንደሚሞቱ የተጻፈው ገና እ.ኤ.አ. በ1878 ነው። በ1996 በብራዚል ካሩአሩ ከተማ ኩላሊታቸው በማሽን የሚታጠብላቸው ከ50 በላይ ሕመምተኞች በዚህ መርዝ በተበከለ ውሃ ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ልክ በአንድ ሊትር 1 ማይክሮግራም ነው፤ የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እንላለን። ይህን መርዝ ማፍላት አያጠፋውም። እንዲያውም ስናፈላው ሕዋሱ ይፈነዳና በውስጡ የነበረው መርዝ ወደ ውሃው ይወጣል። በጨርቅ ማጥለልም የተሟሟውን አያስቀርም። የተላመዱ ባክቴሪያዎች ያሉበት የአሸዋ ማጣሪያ ይህን መርዝ ሊያፈርሰው እንደሚችል በጥናት ታይቷል። ነገር ግን እስኪላመዱ ጊዜ ይወስዳሉ፤ እስከዚያ ያልፋል። ስለዚህ የቤታችን ማጣሪያ በዚህ ላይ ዋስ አይሆነንም። ውሃው ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ የተንሳፈፈ ቀን ከዚያ ቦታ አንቅዳ፤ ልጆችን አናጥብበት፤ ከብቱንም አናጠጣበት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ!

እንግዲህ ሒሳቡ። ማጣሪያ ለመግዛት የሚያስፈልገው ገንዘብ አንድ ጊዜ የሚወጣ ነው፤ ለጋሽም የሚወደው ይህን ነው፤ ይቆጠራል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን በሌላ ዓምድ የሚጻፍ ነው፤ አሸዋውን ማጠብና ማንፋት፣ ለየቤቱ ሥልጠና፣ የተሰነጠቀውን መጠገን፣ ክዳን ያለው ጀሪካን፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሃ አጋር፣ እየዞረች የምታይ ሰው አበል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በማንኛውም ደረሰኝ ላይ የማይጻፈው የእናንተ ጊዜ አለ። ይህን ሁለተኛ ዓምድ ባዶ ትተን የመጀመሪያውን ብቻ ከሞላን፣ በዓመቱ መጨረሻ በመዝገብ ላይ ያለ በቤት ውስጥ ግን የሌለ ንብረት ይኖረናል።

ስለዚህ ጉባኤው ሦስት ነገር እንዲያጸድቅልን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ማንኛውም ግዢ ከመፈጸሙ በፊት አባላት የሚቀዱባቸው ምንጮች፣ ወንዞችና የሐይቁ ዳር ውሃ በበጋና ከክረምት በኋላ ይመርመር። ለዚህም የወሎ ዩኒቨርሲቲንና የጤና ቤተ ሙከራን በደብዳቤ እንጠይቅ። ችግሩ ጀርም ከሆነ የአሸዋ ማጣሪያው ይረዳናል። ችግሩ ብረት ወይም የአልጌ መርዝ ከሆነ ግን መልሱ ሌላ የመቅጃ ቦታ ነው፤ ገንዘባችንም ወደዚያ ይሂድ።

ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ ለሁሉም ከመግዛት በየመንደሩ በጥቂት ቤቶች ይጀመር። ለእያንዳንዱ መንደር አንዲት ተንከባካቢ ትመረጥ፤ አበሏም በዓመታዊ በጀት ውስጥ ራሱን ችሎ ይቀመጥ። ይህን ማስቀመጥ ካልቻልን ማጣሪያውን አንግዛ። በዚያ ገንዘብ ምንጭ አጥረን፣ ከጎርፍና ከከብት ብንከልል ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ስንት ማጣሪያ እንደታደለ ሳይሆን ስንቱ ውሃ እያወረደ እንዳለ ቤት ለቤት ቆጥረን ለጉባኤው እናቅርብ። ለጋሾቻችንም ሪፖርታችንን በዚህ ቁጥር እንድትቀበሉን እንጠይቃለን። ቁጥሩ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛ ግን ይሆናል።

እህቶቻችን፣ እርሾ የሚጠብቅ ሰው እንዴት እንደሚጠበቅ ማንም ሊያስተምረን አይችልም። ማጣሪያውን ለመጠበቅም የሚያስፈልገው እውቀት ያን ያህል ነው። የጎደለው በጀቱና የጋራ ስምምነታችን ነውና እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ተወያዩበት።